አባባ ወልዴን ከአቼቶ ያወጣሁበት ማክሰኞ

አደጋው የገባኝ በሁለት ጎረምሶች ጉልበት ነው።

ሳጥኑን ተሸክመው የደብራችንን በር ሲያልፉ የፊተኛው ጉልበቱ እጥፍ አለ፣ የኋለኛው ትከሻ ቀየረ። እኔ ጧፍ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤት እህል የመዘንኩ ሴት ነኝ። ሚዛናችን ሲበላሽ እንኳ ደንበኛው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ሲገባ ጉልበቱን አይቼ ኪሎውን እናገራለሁ፤ ብስት በሁለት ኪሎ ነው። ያን ቀን ጠዋትም ልምድ ሆኖብኝ የልጆቹን ጉልበት አየሁና በልቤ «ሃምሳ አምስት» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የባለቤቴ አባት፣ አባባ ወልዴ ናቸው። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በሕይወት ሳሉ እንኳ ከነካፖርታቸው ከነከዘራቸው ሃምሳ አምስት ኪሎ አይሞሉም ነበር።

«ኧረ አባባ ከበዱ!» አለ የፊተኛው ልጅ እያለከለከ።

«ጽድቅ ነው የሚከብደው» አሉ እትዬ ፋናዬ ከጎኔ፣ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው። «አንተ ዝም ብለህ ተሸከም።»

እትዬ ፋናዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የአባባ ወልዴ የመጀመሪያ ልጅ። እሳቸው ከተናገሩ ደግሞ ተናገሩ ነው።

ልቤን ላረጋጋ ስሞክር ከሳጥኑ ጥግ፣ ሳንቃና ሳንቃው ከማይገጥምበት፣ ነጭ ዱቄት በልጁ ጥቁር ጃኬት ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሴቶቹ አዩት። «ወይ የሰው ነገር፣ አፈር ሆኑ እኮ» ብለው አማተቡ። እኔ ጠጋ ብዬ በሁለት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ አሸሁት። የጤፍ አይደለም፣ የስንዴ አይደለም፣ የሰውም አይደለም። ጄሶ ነው። ያ ጄሶ ደግሞ ከእኔ ማድቤት፣ በእኔ ሳፋ የተቦካ ነው። በጄሶ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የገባውን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ።

እግዚኦ! አባባ ወልዴ ብለን አጅበን፣ ጧፍ አብርተን ቤተ ክርስቲያን ያመጣነው የባሕር አውሬ ነው።

ለመሆኑ አውሬው ከእኔ ቤት ምን አገባው? ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ፊደሉን አልረሳሁትም፤ ይሄንንም ቀስ እያልኩ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ያን ሰሞን ጅቡቲ መስመር ላይ ነበር። የምንኖረው ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ አባባ ወልዴ በሠሩት ቤት ነው። ያለችን አንድ ልጅ ሜሮን ናት። ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እልል ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩ። የደረሳት የድንጋይ ትምህርት መሆኑን ስሰማ ግን ሁለት ቀን አለቀስኩ። «ድንጋይ ለመልቀም ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? በራችን ላይ ሞልቶልሽ!» አልኳት።

አራተኛ ዓመት ላይ ከመምህሯ ጋር አባይ በረሃ መመላለስ ጀመረች። ስትመለስ ፊቷ ተቃጥሎ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ግን እንደ ሙሽራ እየሳቀች ነው።

«እማዬ፣ አባይ በረሃ እኮ ድሮ ባሕር ነበር።»

«ማን አየው?»

«ድንጋዩ ይናገራላ! ባሕሩ ውስጥ የሚኖሩ ትልልቅ አውሬዎች ነበሩ። እንደ እንሽላሊት ናቸው፣ ግን ይዋኛሉ። አንገታቸው ረጅም፣ እጃቸው እንደ መቅዘፊያ። ሰው ከመፈጠሩ በፊት አለቁ። አጥንታቸው ድንጋይ ሆኖ ቀረ።»

«ሰው ሳይኖር ማን ቀበራቸው?»

«ጭቃው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ታዲያ አጥንቱ ከነድንጋዩ ተፈልፍሎ ሲወጣ እንዳይሰበር በጄሶና በጆንያ ይጠቀለላል። መንገድ ላይ ጄሶው የተሰነጠቀውን ደግሞ ሜሮን ቤት አምጥታ፣ ማድቤቴ ውስጥ እንደገና ትጠቀልለዋለች። የፈቃድ ደብዳቤውም አላት፣ ማኅተም ያለው፤ አስነብቤዋለሁ። ከዚያ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዘፋል። አቼቶው ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላና አጥንቱን ይተወዋል። «ለምን አጥንቱንስ አይበላም?» ብላት «የአውሬው አጥንት ድንጋይ ስለሆነ ነው፤ አዲስ አጥንት ቢሆንማ…» ብላ የዶሮ ቅልጥም በብርጭቆ አቼቶ ነክራ መስኮት ላይ አስቀመጠችልኝ። በሳምንቱ ሳወጣው እንደ ጎማ እጥፍ ዘርጋ ይላል። ያን ቀን የሰላጣ አቼቶዬን ሁሉ ደፋሁት። ይሄን ዶሮ አትርሱብኝ።

አሁን ወደ አባባ ወልዴ ልምጣ። የደብራችን መካነ መቃብር ስለሞላ የቆየ መቃብር ያለው ሰው ሁሉ የዘመዱን አፅም እያነሳ፣ ግድግዳ ላይ እንደ ቁም ሳጥን በተሠራው ፉካ እንዲያስገባ ተነገረን። እኛም አናጢ ዘንድ ሳጥን አዘዝን። ሜሮን ይሄኔ «እማዬ፣ ለእኔም ዕቃ ማጓጓዣ አሠሪልኝ» አለች። አናጢው ከአንድ ሳንቃ ሁለት መንታ ሳጥን አወጣ። መስቀል እንዲያደርግበት ነግሬው ነበር፤ ረሳው። «ፉካው ላይ ስላለ ይበቃል» አለኝ።

ሰኞ አባባን አነሳናቸው። በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለን፣ ሳጥናቸው ውስጥ አስገብተን፣ ክዳኑን በምስማር መታን። ፉካው ግን ልስኑ አልደረቀም ተባለና ለአንድ ሌሊት ቤት ይደሩ ሆነ። እኔ አጥንት እፈራለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የበግ ቅልጥም እንኳ ፊት ለፊቴ ሲግጡ ዞር እላለሁ። ስለዚህ አባባን ሜሮን ክፍል፣ ከአልጋው ስር አስገባኋቸው። የሜሮን ሳጥን፣ ያ መንታው፣ ማክሰኞ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ስለሚሄድ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ልጄ ፈተናዋን ስታጠና ሳሎን ሶፋ ላይ አደረች።

ሲመሻሽ እትዬ ፋናዬ አባታቸውን ሊሰናበቱ መጡ። እትዬ የልጄን ድንጋይ አይወዱትም። «አጥንት ያለበት ቤት ጅብ ይጠራል፤ አንድ ቀን ከዚህ ቤት ከነልጅሽ አስወጣሻለሁ» ይሉኝ ነበር። የቤቱ ወረቀት በእሳቸው እጅ ስለሆነ ቀልድ ይሁን የምር አይለይም። እሳቸውን ቤት ትቼ ጧፍ ልገዛ ወጥቼ ተመለስኩ። በማግስቱ ሜሮን በጠዋት አንድ ወዛደር ጠርታ የአልጋውን ሳጥን አስጭና ሄደች። ትንሽ ቆይተው የዕድር ጎረምሶች መጡ። «ከአልጋው ስር ያለው ነው» አልኳቸው። ነጭ ነጠላ አልብሰን ወጣን።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ፣ ጣቴ ላይ ጄሶ ይዤ ሳስበው፣ ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የባሕር አውሬ ፍታት ሊፈታለት ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የባሰው፣ ሜሮን ትናንት ያለችኝ ነው፦ «ሳጥኑን ለላብራቶሪው ሠራተኛ ሰጥቼ ፈተና እገባለሁ፤ እሱ ይዘፈዝፈዋል።» የዶሮው ቅልጥም ትዝ አለኝ። የአባባ ወልዴ እግር እጥፍ ዘርጋ ሲል ታየኝ። በትንሣኤ ቀን ሁሉም ሲነሳ እሳቸው ሲልፈሰፈሱ!

ለሜሮን ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው።

ቄሱ፣ መምሬ አስራት፣ የቤተሰባችን የነፍስ አባት ናቸው። መስቀል ልሳለም ብዬ ተጠጋሁ።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እንዳይጮሁ።»

«መቼ ጮኼ አውቃለሁ?» አሉኝ። ሲያነበንቡ ድምፃቸው እንጦጦ ይሰማል።

«ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አባባ አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ማን አይባልም መምሬ፤ ምን ነው የሚባለው።»

መስቀሉ ግንባሬ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።

«የሜሮን ነው። ባሕር ውስጥ የሚዋኝ፣ አንገተ ረጅም። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።»

«ክርስቲያን ነው?»

«አውሬ ነው እኮ!»

«እግዚኦ ተሣሃለነ» አሉ ቀስ ብለው። «አባ ወልዴስ?»

«አቼቶ ሊገቡ ነው።»

ይሄንን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። መምሬ ግን የገባቸው ነገር ገባቸው። «ስንት ሰዓት ይበቃሻል?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«ግንበኛው ሲሚንቶ አቡክቷል።»

«መምሬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ።»

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከዚያ በዚያ በለመድነው ድምፃቸው፦ «ምእመናን! እኚህን ታላቅ አባት እንዲሁ በጥድፊያ አናስገባቸውም። የሚያውቃቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይመስክር። እስከዚያ ሳጥኑ ዕቃ ቤት ይረፍ።»

ግንበኛው ማንኪያውን ጣለ። ጎረምሶቹ እያቃሰቱ ሳጥኑን እንደገና አነሱ።

እትዬ ፋናዬን «ንፍሮ እሳት ላይ ጥጄ መጥቻለሁ፤ ደርሼ ልምጣ» አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ንፍሮ ከአባቴ ይበልጣል?» ብለው ሰው ፊት ያዋርዱኝ ነበር። ያን ቀን ትክ ብለው አዩኝና «ቶሎ ተመለሺ» ብቻ አሉኝ። ገረመኝ፤ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበረኝም።

ዳገቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ከሸጎሌ በኩል የሚመጣ ላዳ አስቁሜ ገባሁ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ያዘኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«አማቴን።»

«ስማቸው? የት ክፍል ነው የሚሠሩት?»

«አይሠሩም፤ ሞተዋል።»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ እናቴ። አስከሬን ከሆነ እዚህ አይደለም፤ ሕክምናው ግቢ ነው።»

«አይ፣ የእኔ ድንጋይ ክፍል ነው ያሉት።»

መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ መታወቂያዬን አየ። አሳለፈኝ። ያዘነልኝ ይመስለኛል።

ድንጋይ ክፍሉን በአፍንጫዬ ነው ያገኘሁት፤ ኮሪደሩ ሁሉ አቼቶ አቼቶ ይላል። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ ነጭ ነገር ተዘፍዝፎ፣ ዙሪያውን እንደ ጠላ ጉሽ ፍልቅልቅ እያለ አረፋ ይሠራል።

«ወይኔ አባባ!»

እጅጌዬን እንኳ አልሰበሰብኩም። እስከ ክርኔ ነክሬ አወጣኋቸው። ከብደዋል። አንጠባጥበዋል። አጥንት የምፈራው ሴትዮ ደረቴ ላይ አቀፍኳቸው። «አባባ ይቅር ይበሉኝ! ከአልጋ ስር ያስገባሁዎት እኔ ነኝ! ፈርቼ ነው እንጂ ንቄ አይደለም! ቤትዎ ውስጥ እየኖርኩ አንድ ሌሊት አልጋ ነፈግኩዎት!» እያልኩ ሳምኳቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ።

«እህቴ» አለ ከኋላዬ ድምፅ። «የሳሙት የአውሬው ብብት ነው።»

ዞር ስል አንድ ሸበቶ ሰውዬ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ አንድ እግሩ ከበሩ ውጭ አንዱ ከውስጥ ሆኖ ቆሟል። ሜሮን የምታወራልኝ የላብራቶሪ ሠራተኛ፣ ጋሽ ታዬ ነው።

«ምን አልክ?»

«ካለፈው ወር ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። ቀስ አድርገው ይመልሱልኝ፣ ይሰበራል። እርስዎ የሚፈልጉት ሰው እዚያ ናቸው።»

በጣቱ አሳየኝ። መስኮቱ ስር፣ ወንበር ላይ፣ የአባባ ሳጥን ተቀምጧል። ክዳኑ በላዩ ላይ ተመልሷል። ከክዳኑ በላይ ደግሞ የጋሽ ታዬ ጋቢ ተደርቧል።

«ጠዋት ልዘፈዝፍ ከፈትኩት» አለ። «አቡጀዲ። ሜሮን በጆንያ ነው የምትጠቀልለው፤ ዛሬ አማረባት አልኩ። ገለጥ ባደርግ የወርቅ ጥርስ! እህቴ፣ እዚህ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ጥርስ አይቻለሁ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄደ የባሕር አውሬ ግን አላየሁም።»

«ታዲያ ዘፈዘፍካቸው?»

«እኔ?» ተቆጣ። «እኔ የተቀጠርኩት አውሬ ላጥብ ነው፤ ክርስቲያን አላጥብም! ከድኜ፣ ጋቢዬን አልብሼ፣ ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ግን በሩ ላይ ቆሜያለሁ።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር፤ ያዘኝ። አውሬውን ወደ ሳፋው መለስን። እውነት ለመናገር እሱንም «ይቅርታ» ብዬዋለሁ፤ እንቅልፉን ነው የረበሽኩት።

ሳጥኑን ብቻዬን አነሳሁት። ስምንት ኪሎ ከነሳጥኑ። አዎ፣ ይሄ አባባ ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ ሜሮን ከፈተና ወጥታ እየመጣች ተገናኘን።

«እማዬ?! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አያትሽን ልወስድ ነው።»

ሳጥኑን አየች፣ እጅጌዬን አየች፣ ፊቷ አመድ ሆነ። «ለዚህ ነው ያ ወዛደር ‹ይከብዳል ያልሽው ይሄ ነው?› ብሎ የሳቀብኝ! እሱ ጉልበታም መስሎኝ ደብተሬን ሳነብ…» ከዚያ ሌላ ነገር መጣባት። «የእኔስ? የእኔ ሳጥን የት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው እየመሰከረለት ነው።»

«ፉካ ውስጥ ሊከቱት?! በሲሚንቶ?! እማዬ፣ ሙሉ እጅ ነው እኮ! መምህሬ እንደዚህ ሙሉ የሆነ አይቼ አላውቅም ያለው! የመመረቂያ ሥራዬ ነው!»

«እንግዲያው ሩጪ!»

ውጭ ያገኘነው ላዳ ሾፌር ሳጥኑን ጭናችን ላይ ሲያይ «ምንድን ነው?» አለ። እኔ ሞኟ እውነቱን ነገርኩት። «አማቴ ናቸው።»

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ሬዲዮውን ዘጋ። የአደጋ መብራቱን አበራ። ከዚያ እንደ ቀብር አጃቢ፣ በእርምጃ የሚሄድ አህያ እንኳ በሚቀድመው ፍጥነት መንዳት ጀመረ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ፈጠን በል።»

«ሬሳ ይዞ አይሮጥም እናቴ። ነውር ነው።»

«ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው ነው!»

«እሱማ የባሰ ክብር ነው።»

ከኋላችን መኪናው ተሰለፈ። አንዳንዱ ቀብር መስሎት መብራቱን አበራ። ሚኒባሶቹ እንኳ ጥሩንባ ተዉ። ሜሮን ጥፍሯን ትበላለች። «ጋሼ፣ እባክህ፣ ሌላኛው ሳይቀበር እንድረስ!» አለችው።

ሾፌሩ በመስታወት አየን። «ሌላም አለ?»

«አለ» አልኩ። «እዚያ በስህተት የሚቀበር አለ።»

መኪናውን አቁሞ ዞረ። «በስህተት? በሕይወት ያለ ሰው?!»

ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ያን ጊዜ ግን አልዋሸሁም። ዝም ብቻ አልኩት። የአደጋ መብራቱን ሳያጠፋ ነዳጁን ረገጠው። የቀጨኔን ዳገት በዚያ ላዳ እንዲያ የወጣ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ያለ አይመስለኝም። አባባን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ደብሩ በር ላይ ስንደርስ ከግቢው ሳቅ ይሰማል። ሳቅ! ያበዱ መሰለኝ። አጮልቄ ሳይ እትዬ ፋናዬ ሕዝቡ መሃል ቆመው ያወራሉ። ግንበኛው ባልዲው ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። ሲሚንቶው ደርቋል።

«…ዳማ ሲጫወት» ይላሉ እትዬ፣ «መሸነፉን ሲያውቅ ያስነጥሳል! ቆርኪው ሁሉ ብትን! ‹ውይ፣ እንደ አዲስ እንጀምር› ይላል። አርባ ዓመት ጉንፋን ይዞት ኖረ አባቴ!»

«እኔንም አስነጥሶብኛል!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። «አሁን ገና ገባኝ!»

እትዬ እየሳቁ ዕንባቸው ይወርዳል። እሳቸውን ስፈራ ስንት ዓመት፣ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዓይናቸው በሩ ላይ እኔን ሲያገኝ ንግግራቸው ቆመ። በዓይናቸው ጠየቁኝ። ምን እንደሚጠይቁ ሳላውቅ በአንገቴ አዎ አልኳቸው። «በቃ፣ ጨርሻለሁ» ብለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ።

መምሬ አስራት በጓሮ በኩል ወደ ዕቃ ቤት አስገቡን። ሜሮን ሳጥኗን ስታገኝ እንደ ታመመ ልጅ ዳበሰችው። ነጠላውን ከአውሬው አንስተን ለአባባ አለበስን። ጎረምሶቹ ተጠሩ። ያን የጠዋቱን ሸክም አስበው፣ እጃቸውን በምራቅ አርሰው፣ «ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ቢያነሱት አባባ ወልዴ ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

«መምሬ! ምን ነክቷቸው ነው የቀለሉት?» አለ አንደኛው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ መምሬ ወደ ጣሪያው እያዩ። «ይሄን ሁሉ ሰው መስክሮላቸው!»

ፍታቱ ተደረገ። ግንበኛው እያጉረመረመ አዲስ ሲሚንቶ አቦካ። አባባ ወልዴ በፉካቸው ገቡ፤ እኔም የመጨረሻዋ ማንኪያ ልስን ሲመታ እስካይ ትንፋሼን አልለቀቅኩም።

ሰው ሲበተን እትዬ ፋናዬ ክንዴን ያዙኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ስንቅነሽ፣ አባቴን አቼቶ ነክቶታል?»

«እትዬ… እርስዎ በምን አወቁ?»

«መልሺልኝ መጀመሪያ።»

«አልነካቸውም። የወርቅ ጥርሳቸው ሳይቀር ቦታው ላይ ነው።»

ከፉካው ጎን ያለውን ግድግዳ ተደገፉ። «ትናንት አንቺ ለጧፍ ስትወጪ ክፍሉን ገብቼ አየሁ። አባቴ ከአልጋ ስር፣ የልጅሽ ድንጋይ ከአልጋ ላይ። አላስቻለኝም። ያንን ከነብርድ ልብሱ ጎትቼ አወረድኩትና ከአልጋው ስር ከተትኩት፤ ወገቤ ተቆርጦልሻል። አባቴን አልጋው ላይ አስተኛሁት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ‹አጥንት ስለምፈራ ነው› ትዪኝና እንጣላለን ብዬ ነዋ። ደግሞ ልጅቷ አልጋው ላይ ያለውን ሳጥን በጠዋት ትወስደዋለች ብዬ መች አሰብኩ? ልጆቹ ጉልበታቸው ሲታጠፍ ገባኝ። ያቺ ‹ጽድቅ ነው› ያልኳት ከድንጋጤ የወጣች ናት። ከዚያ አንቺ ዱቄቱን ስታሺ አየሁ። ‹አወቀች፤ አባቷን አሳልፋ ሰጠች ብላ ሰው ፊት ታዋርደኛለች› ብዬ ፈራሁሽ።»

«እኔን? እርስዎ?»

«አንቺን» አሉ። «ንፍሮ ጥጃለሁ ስትዪ የት እንደምትሄጂ ገባኝ። እንድትደርሺ ብዬ የማውቀውንም የማላውቀውንም ስቀባጥር ዋልኩ። ያ የማስነጠሱ ነገር ግን እውነት ነው።»

አንባቢዎቼ፣ እንግዲህ እዩት። ሁለት ትልልቅ ሴቶች አንድ ግቢ ቆመን፣ አንድ ነገር ፈርተን፣ እርስ በርሳችንም ተፈራርተን። አንዳችን «ተሳስቻለሁ» ብንል በአምስት ደቂቃ ያልቅ የነበረ ነገር ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሳሳትኩትን በጊዜ እናገራለሁ፤ ወፍጮ ቤት እንኳ ሚዛን ስስት ደንበኛውን አስቆመዋለሁ። አጥንትም መፍራት ትቻለሁ። አንዴ ካቀፉት፣ ከሳሙትም በኋላ ምን ቀረ? በጥር ከሜሮን ጋር አባይ በረሃ ወርጄ ሦስት ቀን ለቅሜያለሁ። እህል ስትለቅም የኖረች ሴት አጥንትን ከጠጠር ለመለየት ተማሪ አትሆንም፤ መምህሯ ራሱ «እርስዎ ከየት ተመረቁ?» ብሎኛል። እናንተም ልጃችሁ የማይገባችሁን ትምህርት ካመጣባችሁ ቶሎ አታልቅሱ። አንድ ቀን ሄዳችሁ ሳፋው ውስጥ እጃችሁን ንከሩ። የእኔ እጅ ሳምንት ሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ይሸት ነበር፤ ግን ልጄ የምትሠራውን የዚያን ቀን ነው በእጄ ያወቅኩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወደ ቤት ስንወርድ ጎረምሶቹ የሜሮንን ሳጥን ተሸክመው ከፊት እያቃሰቱ ነው። እትዬ ፋናዬ ወገባቸውን ይዘው መሃላችን ይሄዳሉ።

«ሜሮን» አሉ ድንገት። «ይሄ አውሬሽ ምን ይበላ ነበር?»

«ዓሣ ነው እትዬ።»

አሰቡበት። «ሥጋ አይነካም?»

«ዓሣ ነው የሚበዛው።»

«እንግዲያው ግማሽ ፆመኛ ነው» አሉ። «አንድ ሌሊት ይደር፤ ግን አልጋ ላይ አይደለም!»

ቤት ደርሰን ሳጥኑ ሳሎን ጥግ ተቀመጠ። ባለቤቴ ከመንገድ ደውሎ «እንዴት ዋላችሁ? አባባ በሰላም ገቡ?» አለኝ። እትዬን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉንም ንገሪው ማለታቸው ነው። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሶፋው ላይ እግሬን ዘረጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። አባባ በፉካቸው፣ አውሬው በሳጥኑ፣ እኔ በቤቴ። ተርፌያለሁ።